የማወዳደሪያው መንደር

«ባለፈው ሳምንት ራት ሳትበሉ ያደራችሁበት ቀን አለ?»

አዊንፖካ መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ «ኧረ የለም፣ እግዜር ይመስገን» ብላለች። እንግዳ ፊት ገመናዋን የምትዘረግፍ ሴት በአገሯ በቦንጎ ገና አልተወለደችም። መረጃ ሰብሳቢው አቡግሪ የጥያቄ ወረቀቱን ይዞ በመጣ ቁጥር የጎረቤቷን የላሚሲን ሁለት ፍየሎች ተውሳ ደጇ ላይ የምታስረውም ለዚሁ ነው። ዛሬም ታስረው ያመሰኳሉ። ለእንግዳ የሚገባውን የማሽላ ዱቄት ውሃም በቅል በጥብጣ ሰጥታዋለች።

ዛሬ ግን አቡግሪ ከአፉ አምልጦት አንድ ነገር ነግሯታል። እሱን የሚልከው የውጭ መንግሥት የልማት ድርጅት ለወንዝ ማዶው መንደር ፍየልና ዘር ሲሰጥ እነሱን የዘለላቸው ረስቷቸው አይደለም። ሁለቱን መንደር ሊያወዳድር ነው። ማዶኞቹ በልጠው ከተገኙ ዘንድሮ እነሱም ዘር ያገኛሉ። እኩል ከሆኑ ግን እርዳታው ፋይዳ የለውም ተብሎ ለሁሉም ይቆማል።

«እስካሁን እኩል ናችሁ፣ እማማ። አለቆቼ ግራ ገብቷቸዋል» ብሎ ሳቀ።

ግራ የገባትስ እሷ ናት። ሰው እንዴት ምንም እንዳይሰጠው ተብሎ ይመረጣል? ዝናቡ ሊጥል ነው፤ የምትዘራው አንድ ፍሬ የላትም። እውነቱን ብትናገር ትዋረዳለች፣ ብትደብቅ ልጆቿ ይራባሉ። ደግሞ የማዶኞቹን ጉሮሮ የዘጋችው እሷ ልትሆን ነው።

«ሦስት ቀን» አለች።

«ምን ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን ጦማችንን አድረናል።»

አቡግሪ ፍየሎቹን አየና ፈገግ አለ። «እማማ፣ ዘር ሲባል ነው እንዴ ራቡ የመጣው? አምና ‹የለም› ብለውኛል፤ ይኸው ተጽፏል።»

«አምና እንግዳዬ ነበርክ።»

«ዛሬስ?»

ተነስታ ገመዱን ፈታች። ፍየሎቹ ዘወር ብለው እንኳ ሳያዩአት ግቢውን አቋርጠው፣ በለመዱት መንገድ፣ ላሚሲ በረት ገቡ።

አቡግሪ ወረቀቱን አየ፣ በረቱን አየ፣ ከዚያ በእጁ ወደያዘው ቅል አቀረቀረ። ገና ግማሹን ነው የጠጣው።

«ይሄ ዱቄትስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«የመጨረሻው ነው። ጠጣ፣ ልጄ፤ እንግዳ ቅል አጋምሶ አይመልስም።»

አቡግሪ ቅሉን ወደ አፉም አላስጠጋው፣ መሬትም አላስቀመጠው።