ማንም «በሞቴ» ያላላት ዓርብ

ከምግብ ጋር የተጣሉ ሰዎች ቀበሌው ግቢ እየተሰበሰቡ እንደሚደጋገፉ የሰማች አንዲት ልጅ፣ ዓርብ ከሰዓት ፈራ ተባ እያለች አንዱ ክፍል ገባች። አሥራ ሁለት ሰዎች በያይነቱ የቀረበበትን ትልቅ ትሪ ከበው ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አልነኩትም፤ ዓይናቸውን ከምግቡ እያሸሹ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ።

«ወይኔ፣ እንደኔው ናቸው!» አለች በልቧ። ቤተ ዘመዱ በጉርሻ ሲያሳድዳት፣ እሷም የጎረሰችውን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትደብቅ ሁለት ዓመት እንደሞላት ቁጭ እንዳለች ዘረገፈችው። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። «ብዪ እንጂ» ያላት የለም፤ «ምነው ከሳሽ?» ያላትም የለም። ደስ ከማለቷ የተነሳ፣ ማንም ሳይለምናት በገዛ እጇ ጠቅልላ ጎረሰች። ዋጠችውም።

ይሄኔ አንዲት ሴት በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ «የመደጋገፊያ ቡድናችን አዲስ አባል ተሳስታ እዚህ ገብታ ይሆን? እዚያ ማዶ ክፍል እየጠበቅናት ነው» አለች።

ልጅቱ ክው አለች። «እናንተስ ታዲያ?»

«እኛማ ዕድርተኞች ነን፣ ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩ ጋሽ ድንበሩ። «ሁዳዴ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ነው።»

ሞላ። አሥራ ሁለት እጅ እኩል ወደ ትሪው ወረደ፤ አሥራ ሁለት ጉርሻ ወደ እሷ አፍ ተዘረጋ።

«በሞቴ!»