ጥቅምት ሠላሳ

ልጅቷን የዘለሏት እሳቸው ራሳቸው ይሆኑ?

እማማ ብርቄ የቤተ ክርስቲያኑን የሕፃናት መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ይወርዳሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተወለደውን ሁሉ እዚያ መዝገብ ላይ ያሰፈሩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለዓይን ሕክምና የሚሄዱትን ልጆች እሳቸው ከመዝገቡ እያነበቡ የልጅ ልጃቸው ሰገነት ወደ ኮምፒውተር ገለበጠቻቸው። ዓይናቸው አንድ መስመር ዘልሎ ቢሆንስ?

ፊት ለፊታቸው አናጺው ዳልጮ ተቀምጧል። የቀረበለትን የተቀቀለ ቦዬ አልነካም። የዘጠኝ ዓመት ልጁን መቅዲን ግራ ዓይኗን ነጭ ነገር ጋርዶባታል። የዓይን ሐኪሞች ነገ ሶዶ ይገባሉ፤ የሚያዩት ግን ስማቸው አስቀድሞ የተላከላቸውን ልጆች ብቻ ነው። ዝርዝሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይላካል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በተለጠፈው ላይ መቅዲ አልነበረችም።

«ይቻትና!» አሉ እማማ ብርቄ። «መቅዲ ዳልጮ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2009። መዝገቡ ላይስ አለች። አንቺ ሰገነት፣ አንብቤልሽ ነበር? ወይስ ያ ኮምፒውተርሽ ልጅ ይበላል?»

«አይበላም እማዬ። ትንሽ ታገሺኝ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺኝ ልትይ ነው?»

ሰገነት ከላፕቶፑ ቀና አላለችም። ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ስታስገባው ማሽኑ አልቀበልም ብሎ የዘለላቸው አራት መስመሮች ነበሩ። ጮክ ብላ አነበበቻቸው። «ጳጉሜ ሦስት። ጳጉሜ አምስት። ጳጉሜ አንድ።» ሳቋ መጣ። «የልደቱን ቦታ ‹ዴት› ብዬ ነው የሠራሁት። እሱ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። አራተኛዋ መቅዲ ናት። አንብበሽልኛል እማዬ።»

እማማ ብርቄ ደረታቸውን ያዙ። «ተመስገን ጌታዬ።»

«የኔ ልጅ ግን የጳጉሜ አይደለችም» አለ ዳልጮ።

ሰገነት 30/2/2009 ብላ ጻፈች። ቀይ መልእክት ወጣ። ደግማ ጻፈች፤ ያው ነው። ትንሽ አሰበችና ግንባሯን መታች። «ለሱ እኮ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው! ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ የለውም። ጋሼ ዳልጮ፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም ነው የሚለው።»

ዳልጮ ቀና አለ። «የለም?»

«የለም ይላል።»

«ነበረ እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳንቃ ስልግ ነው ያመሸሁት።»

እማማ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ያን ቀን ከወላዷ ጋር ሆስፒታል ነበሩ። ጠዋት መቅዲን በእጃቸው ተቀበሉ፤ ከቀትር በኋላ የእናቷን የህብረትን ዓይን ከደኑ። ሳንቃው ለማን ሣጥን እንደተላገ ያውቃሉ። ሰገነት ግን ያኔ ልጅ ነበረች።

«ቀላል ነው» አለች ሰገነት። «ሃያ ስምንት ብዬ ባስገባው ይቀበለኛል።»

«በይው» አለ ዳልጮ ፈጠን ብሎ። «ሃያ ስምንት በይው። እሱ ይሻላል።»

«አይሆንም!» አሉ እማማ ብርቄ። «የልደት ካርዷ ላይ ሠላሳ ነው። ነገ በር ላይ አስተያይተው ቢመልሷትስ? እዚያ ፀሐይ ላይ ቆማ ብትቀርስ? ደግሞም...» ዳልጮን አዩትና የቀረውን ዋጡት። «ያለ ቀን ነው። ያለውን ጻፊ። ማሽኑ ይማር።»

ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። ሰገነት በረጅሙ ተነፈሰች። ‹ዴት› ያለችውን አጥፍታ በምትኩ ሦስት ተራ የቁጥር ቦታዎች ሠራች፤ ለቀን፣ ለወር፣ ለዓመት። ቀኑን እስከ ሠላሳ፣ ወሩን እስከ አሥራ ሦስት ፈቀደችለት። የቀሩትንም ልጆች ቀን የፈረንጅ እየመሰለው ነበርና የተቀበለው፣ ሁሉንም እንደ አዲስ አስገባቻቸው። እማማ ብርቄ ከኋላዋ ቆመው «ጌታ ሆይ መብራቱን፣ አደራ መብራቱን» ይላሉ።

ሃምሳ ስምንት ልጆች ገቡ። የተዘለለ የለም። ሰገነት ዝርዝሩን ላከችና ወንበሯን ገፋ አደረገች። «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት።»

ዳልጮ ተነስቶ ጎንበስ አለ። መቅዲ ዳልጮ፤ 30፤ 2፤ 2009። በኮላ የጠቆረ አውራ ጣቱን ከሠላሳው ሥር አስጠጋ። ሳይነካው እንዲሁ ቆየ።

«ሹራብ ደርብላት፣ ጠዋት ይበርዳል» አሉ እማማ ብርቄ። «ካርዷን እንዳትረሳ። እጇንም እንዳትለቃት፣ መኪናው ብዙ ነው...»

ዳልጮ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እማማ ብርቄ እስከ በሩ ተከተሉት። ወደ ሥራ ቤቱ የሚወስደውን ቁልቁለት ትቶ፣ ወደ መቅዲ ትምህርት ቤት የሚያወጣውን ዳገት ይዟል።