ሰባት ቁጥር ወንበር

«ቀጥ በይ፤ ጫማሽን ደግሞ እንዳትነኪ» አላት በያጁ በሴት ልጁ ጆሮ፣ የቁመት መለኪያው የእንጨት ቀጭኔ ጋ ሲደርሱ።

ከቀጭኔው ጉልበት በታች የሆነ ልጅ በመዝናኛ ቦታው ወንበሮች አንጠልጥሎ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ አይወጣም። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ትናንት ተለክታ በሁለት ጣት አንሳ፣ እስኪመሽ ድረስ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ዛሬ በሁለት ጣት በልጣ ተገኘች። ትኬት ቆራጩ ቀጭኔውን አየ፣ ልጅቷን አየ።

«በአንድ ሌሊት?»

«የኛ ዘር እንዲህ ነው» አለ በያጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «እኔ ራሴ ማታ በልኬ የገዛሁትን ሱሪ ጠዋት ቁምጣ ሆኖ ነው የለበስኩት።»

ሚስቱ አልሳቀችም። ከሳቀች ሦስት ቀኗ ነው። በሰፈሩ ቱልቱላው የሚሉትን ባሏን አምና ልጆቿን ለሽርሽር ይዛ መምጣቷ እርር ድብን አድርጓታል። «የሆቴሉ ባለቤት አብሮ አደጌ ነው፤ ባሕሩን በመስኮት እያየን ነው የምንተኛው» ብሏት ነበር። ባለቤቱ ጭራሽ አላወቀውም፤ በመስኮቱ የሚታየውም የጄኔሬተር ቤት ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለትንሿ ባቡር የተሰለፈውን ሕዝብ «እባብ!» ብሎ በትኖ፣ እነሱን መጀመሪያ አሳፈራቸው። ልጆቹ በሳቅ ሲፈርሱ እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ለልጆቹ እንዳወራላቸውማ መንኮራኩሩን የበየደው እሱ ነው፤ ያውም በአንድ እጁ ዳቦ እየገመጠ። አንድ ቀን ተፈቶ ወደ ከተማ ሊንከባለል ሲል በጥርሱ ነክሶ ያቆመውም እሱ ነው። ምስክር ቢጠፋ ከፊት የወለቀችው ጥርሱ ቦታ አለች።

«ሰባት!» ጮኸ ትኬት ቆራጩ።

ሰባት ቁጥር ወንበር ወረደች። እናትና ልጅ ገብተው ተቀመጡ። በያጁ የሁለት ዓመቱን ወንድ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከሥር ቀረ። ልጅቷ በዓይኗ ጫማዋን ጠቆም አድርጋ ሳቀችለት። ምስጢሩ የሁለቱ ብቻ ነው፤ እናትየው እንኳ አታውቅም።

እሱም ሊስቅ ሲል ቀና አለ። የሙያ ነገር ነው፤ በያጅ ሐኪም ቤት ተኝቶም የአልጋውን ብየዳ ሳይመረምር አያድርም። ወንበሯ ከተንጠለጠለችበት ብረት ላይ፣ በአዲሱ ቀለም ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየ። ከመስመሩ ዝገት እንደ እንባ ወርዷል።

«ውረዱ» አለ።

«ምን?» አለች ሚስቱ።

«ብየዳው ተሰንጥቋል። ውረዱ!»

ከኋላቸው ልጁን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ወፍራም ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንዱ የመነጽሩ መስታወት የለም። «ጠዋት እባብ፣ አሁን ስንጥቅ! ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንበሳ ልትለቅብን ነው? ለእባብህ ስሮጥ የተሰበረው መነጽሬ ይኸውልህ!»

«አውጡት ይሄን ቀጣፊ!» አለ ከሰልፉ መሃል አንዱ።

«ጌታው፣ ዞር በል» አለ ትኬት ቆራጩ።

«በያጅ ነኝ እኮ!»

«እኔ ደግሞ ፓይለት ነኝ። ዞር በል አልኩህ!»

በያጁ ልጅቷን ሊጎትት እጁን ሲሰድ ሚስቱ እጁን በጥፊ አለችው። «አንዲት ደቂቃ» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸት ይብሳል። «አንዲት ደቂቃ ብቻ እዚያ ላይ ወጥቼ ከአፍህ ልረፍ።»

«በልጆቼ እምላለሁ!»

«ጠዋትም ለእባቡ በነሱ ነው የማልከው።»

ትኬት ቆራጩ የወንበሯን መዝጊያ ብረት ጎተተ። ደወሉ ጮኸ። በያጁ ምላሱ ላይ አንድ የሚታመን ነገር ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ዓይኑ የልጁ ጫማ ላይ አረፈ። ለልጅቷ ከሁሉም ቀድሞ ገባት።

«አባዬ፣ እንዳትናገር» አለች።

ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማዋን መነጨቀ። አራት እጥፍ ካርቶን ዱብ አለ፤ ከካርቶኑ ቀጥሎ ተጣጥፎ የሆቴሉ የእጅ ፎጣ።

«አጭር ናት!» ብሎ ጮኸ። «ልጄ አጭር ናት! ለኳት!»

ይህንን ሁሉም አመነው።

«ድሮም ጠርጥሬ ነበር!» ትኬት ቆራጩ መዝጊያውን በርግዶ ከፈተ። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ሰልፉ አጨበጨበ። ልጅቷ በአንድ እግር ጫማ ተጎትታ ስትወርድ የአባቷን እጅ አንጓ ነከሰች፤ አጥብቃ፣ እስኪበቃት። ሚስቱ ትንሹን ልጅ ከትከሻው ላይ ነጥቃ፣ ዓይኑን እንኳ ሳታይ አለፈችው።

ባለመነጽሩ እየሳቀ ወደ ወንበሯ ተራመደ። በያጁ ወደ ላይ፣ ወደ ብየዳው፣ ጣቱን ብቻ ቀሰረ።

ትኬት ቆራጩ ምራቁን ጢቅ አደረገ። ከዚያ ለእልሁም ይሁን ለምኑ ተንጠራርቶ ብረቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገው። ጥፍሩ ላይ የቀረውን ዝገት አየ። ደግሞ አየ። ሰንሰለት አንስቶ ወንበሯ ላይ አጋደመና ቆለፈው።

«ስምንት!»

«ሰባትስ?» አለ ባለመነጽሩ።

«ስምንት አልኩህ! ጆሮህም ተሰብሯል?»

ከአጥሩ ውጭ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። በያጁ ጫማውን ይዞ ተንበረከከ፤ ልጅቷ እግሯን ሰበሰበች። መንኮራኩሩ መዞር ሲጀምር ግን ዓይኗን መከልከል አልቻለችም።

«የኛ ወንበር ለምንድን ነው ባዶዋን የምትሄደው?» አለች፤ ለእናቷ ነው፣ ለእሱ አይደለም።

እናትየው ቀና አለች፤ ወንበሯን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። በበያጁ ምላስ ላይ ሦስት ወሬ ደርሶ ነበር፤ አንደኛው ዝሆን አለበት። ሦስቱንም ዋጣቸው።

ሰባት ቁጥር ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ማንም ሳይኖርባት፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ።