ስም ያለበት ሹራብ

ጭስ የሚተፋ መኪና ከአዲስ አበባ ከታገደ ወዲህ አየሩ ጠርቷል፤ ለጋሽ ሽብሩ ግን ዘግይቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሚኒባስ በር ተንጠልጥለው ጭስ ሲምጉ የኖሩ ወያላ ነበሩና፣ ጭሱ አእምሯቸውን ጎድቶት ዛሬ የገዛ ልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል። ልጃቸው ስንዱ ስሟን ሹራቧ ደረት ላይ የጠለፈችው አንብበው እንዲጠሯት ነው።

ያን ቀን ሾፌር የሌለው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ሽማግሌው በሩ ላይ ቀሩ።

«ሳሪስ፣ ቃሊቲ! የሞላ! ጠጋ ጠጋ በሉ!»

ግማሹ ወንበር ባዶ ቢሆንም ተሳፋሪው እየሳቀ ተጠጋጋ። ሰፈራቸው ሲደርሱ ስንዱም ሳቋ እያመለጣት፣ «ወራጅ አለ!» አለች።

ጋሽ ሽብሩ ጣሪያውን በመዳፋቸው ደለቁት። «ቀስ በል ሾፌር! ስንዱዬ ናት የምትወርደው!»

ስንዱ ደንግጣ ደረቷን አየች። ሹራቧ ከላይ እስከ ታች በነጠላ ተሸፍኗል።