የሰንበቴው ግዝት

ገብረየሱስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ቅዳሴው አልቋል፤ ሰንበቴ ቤት ውስጥ ዳቦው ተቆርሷል፤ እሱ ግን ገብቶ መቀመጥ አቃተው። ዱላውን አንዴ ትከሻው ላይ ያጋድማል፣ አንዴ መሬቱን ይወጋበታል።

"ኧረ አረፍ በል፤ አዞርከኝ እኮ" አለችው ሚስቱ ጥሩሸዋ። በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልላ ግንቡን ተደግፋለች። ድምፅዋ የሚወጣው እንደምንም ነው። እንቅርቷ ወደ ውስጥ ማደግ ከጀመረ ወዲህ እህል መዋጥ ቀርቶ በጀርባዋ መተኛት እንኳ አትችልም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ለማክሰኞ ለቀዶ ሕክምና ቀጥረዋታል። የጤና መድን ደብተራቸው ከታደሰ የምትታከመው በነጻ ነው፤ ካልታደሰ ሁለቱም በሬዎች ተሽጠው እንኳ አይበቁም። የማደሻው ጊዜ ደግሞ ዛሬ ያበቃል።

ታዲያ ምን ይጠብቃል? ገንዘቡ ጋቢው ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ከወረዳ የመጣው ባለኮት ሰውዬም ከጥዱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ደረሰኙን ደርድሮ ከፋይ ይጠብቃል። ወደሱ ድርሽ ያለ ሰው ግን የለም።

ወይ ገብረየሱስ! ይኼን ሁሉ ያመጣው የገዛ አፉ ነው።

ባለፈው ሰንበት የመድኑ መዋጮ ጨመረ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ የተነሳው እሱ ነበር። "አምና ከፍለን ጤና ጣቢያ ብንሄድ 'መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ' አሉን። ዘንድሮ ውርጭ ገብሳችንን ጨርሶት፣ ደሞ ጨምሩ! ለመሆኑ ማን ጠየቀን? አንከፍልም!" ሰንበቴው ከዳር እስከ ዳር "እውነት ነው!" አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? "ሹልክ ብሎ የሚከፍል አይጠፋም፤ መምሬ ይገዝቱን!" ብሎ ጨመረበት። መምሬ መርስዔ ኃዘን "ልጆቼ፣ ግዝት የጨዋታ ነገር አይደለም" ብለው ሊመልሱት ሞከሩ፤ አልመለስ አላቸው። በመጨረሻ መስቀላቸውን አነሱና፣ ጭማሪው ሳይነሳ የከፈለ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን አሉ። ሕዝቡም አሜን አለ። ከሁሉ ጮክ ብሎ አሜን ያለው ማን ይመስላችኋል?

የጥሩሸዋ ቀጠሮ የመጣው በማግስቱ ነበር።

"እኔን ብለህ ግዝት እንዳትሰብር" አለችው አሁን፣ ሐሳቡን ፊቱ ላይ አይታ። "ነፍስህን ከምታጣ እኔ ጸበሌን እየጠጣሁ…"

"ዝም በይ!" አላት። ወዲያው ቆጨው፤ ባናዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላትና ወደ ሰንበቴ ቤቱ ገባ።

"መጣ አርበኛችን!" አለ ጎረቤቱ ወዳጆ፣ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ። ወዳጆ እሱን ካልነካካ ጠላው አይወርድለትም። ቤቱ ሳቀ። ገብረየሱስ ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ በሰዉ መሀል አለፈና መምሬ እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ።

"ኧረ ተነስ! ዛሬ ሰንበት ነው፤ አይሰገድም" አሉት መምሬ ደንግጠው።

"አልሰገድኩም አባ፤ ወደቅኩ እንጂ። ከግዝቱ ይፍቱኝ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ገብረየሱስ አፉ ከአፈሩ ወለል ሳይላቀቅ ተናገረ። "ጥሩሸዋን ለማክሰኞ ቀጥረዋታል። እነዚህን ሁሉ አስገዝቼ እኔ ብቻዬን ልፈታ ስል አፈርኩ። ግን ምን ላድርግ? ትሞትብኛለች።"

"ግዝቱ የታሰረው በሁላችሁ አሜን ነው" አሉ መምሬ። "ሲፈታም ሁላችሁ ስሙት። የሚቃወም አለ?"

"እሱ ራሱ አልነበር እንዴ…" ብሎ አንዱ ከጥግ ጀመረና ተወው። ገብረየሱስ ጆሮው ግሎ ይጠብቃል። አሁን ይሰድቡኛል፣ አሁን ከማኅበሩ ያስወጡኛል እያለ ነው። በዚህ መሀል ከጎኑ አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ፤ በትከሻውም ገፋው።

"ጠጋ በል እንጂ፤ ቤቱን ብቻህን ያዝከው" አለው ወዳጆ በሹክሹክታ። "ትንሿ ልጄ ትንፋሽ እያጠራት ቤታችን እንቅልፍ የለም። አንተን ፈርቼ ነው እንጂ እኔ ትናንት ፍቱኝ ልል መምሬ ዘንድ ልመጣ ነበር።"

"እኔን?"

"የዚያን ቀን ዓይንህን አላየኸውም!"

ከኋላቸው ዋንጫ ሲቀመጥ፣ ዱላ ሲጋደም፣ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ እህ እያለ ሲደፋ ይሰማል። መምሬ እየዞሩ በመስቀላቸው ጀርባ ጀርባውን ነኩ። "እግዚአብሔር ይፍታችሁ። እኔንም ይፍታኝ" አሉ።

ቀና ሲሉ ባለኮቱ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ በርቷል። "በጣም ጥሩ! የልማት ሠራዊታችን ጭማሪውን በሙሉ ድምፅ ደግፏል ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። እስቲ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!"

ማንም አላጨበጨበም።

"ገንዘቡን ተቀበለን፤ ደገፉ ብለህ ግን እንዳትጽፍ" አለው ገብረየሱስ።

"ያው ነው እኮ አባቴ" አለ ሰውዬው እየሳቀ።

"ያው አይደለም!"

ወጥቶ ከጥዱ ሥር ፊተኛ ሆኖ ቆመ። የጋቢውን ቋጠሮ በጥርሱ ይዞ ፈታ። ጥሩሸዋ ግንቡን ይዛ ተነሳች።

"ምን ሆነሃል? ግንባርህ አፈር ነው" አለችው በዚያች ቀጭን ድምፅዋ። ልትጠርግለት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ከኋላው የተሰለፉትን አየች። ወዳጆን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። የሁሉም ግንባር አፈር ነበር።