ከወልቂጤ ቡታጅራ በአየር

«ጴንጤ አይምልም እንጂ እምል ነበር» ይላል ባልቻ፣ በእናቱ ለቅሶ ድንኳን መሀል ተቀምጦ። «ከዋሸሁ ይቺ እጄ ትድረቅ! ከወልቂጤ ቡታጅራ በሄሊኮፕተር አስራ አንድ ደቂቃ ነው። አስራ ሁለት የሚል ካለ ቀጣፊ ነው።»

ሳቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ካወራ ይደመጣል እንጂ አይታረምም። በባልቻ አፍ ያለፈች ድመት ነብር ሆና እንደምትወጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከትናንት ንጋት ጀምሮ ግን ይህ አፍ አንዴ እንኳ አላለቀሰም።

«ጋሽ ባልቻ፣ ዘቢዳርን እንዴት አለፋችሁት?» ይላል የጎጃሙ መምህር ያረጋል፣ ወሬው እንዳይሞት።

«ማን አለፈው? ተራራው ነው ጎንበስ ያለልን!»

«ፓይለቱስ?»

«የግቢ በር የሠራሁለት ሰው ነው። ‹የባልቻ እናት ታማ ባልቻ በመኪና አይሄድም› ብሎ ራሱ ደወለ።»

«እኛ ድምፁን አልሰማንም እኮ!»

«እንዴት ትሰማለህ? ከተማው ተኝቷል። ላለመቀስቀስ ብሎ መስቃን የበርበሬ ማሳ ላይ አወረደኝ።»

ጫማው ላይ የተራራው መንገድ፣ የአረቅጥ ጭቃ ደርቋል። ማንም ወደዚያ አያይም። የእናቱ ጎረቤት የእትዬ ባሂራ እጅ አሁን የተቀዳ ሻይ ያቀብለዋል፤ ብርጭቆውን በመዳፉ ሙሉ ይጨብጠዋል። አያቃጥለውም።

«ገባሁ» ይላል ባልቻ። ድምፁ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የሚወጣ ይመስለዋል። «እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ‹ባልቻ፣ መጣህ?› አለችኝ። ‹መጣሁ እማ› አልኳት። እጄን ያዘች። እስከ መጨረሻዋ አለቀቀችኝም።»

አሁን የሚስቅ የለም። ባልቻ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ «አዎ» እንዲለው ይፈልጋል።

«እትዬ ባሂራ ነበሩ። ይመስክሩ!»

ባሂራ የሰበሰበችውን ባዶ ብርጭቆ መሬት ታስቀምጣለች። አጠገቡ ትቀመጣለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ትናገራለች።

«አልነበርክም፣ ልጄ። አረቅጥ ላይ ጉም ይዞህ ነበር፤ ራስህ በስልክ ነግረኸኛል።»

ባልቻ ብርጭቆውን አጥብቆ ይይዛል።

«ዓይኗ ማየት ትቶ ነበር» ትላለች። «‹የት ደረሰ?› ትለኛለች። ‹ዘቢዳርን አልፏል› እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ‹አሁንስ?› ትለኛለች። ‹ቆሼ ገብቷል› እላታለሁ፤ ቆሼ በዚያ መንገድ እንደሌለም ረስቼ! አላህ ይቅር ይበለኝ። እሷም አላረመችኝም። ኋላ ላይ ‹መጣ› አልኳትና እጄን ሰጠኋት። ያንተ ነው ብላ ያዘችው።»

ባልቻ የባሂራን እጅ ያያል። ትንሽ ናት፤ የበርበሬ ቅላት ጥፍሮቿ ሥር ገብቷል። በብየዳ የተጠባበሰው የእሱ መዳፍ የእሷን ሁለት እጥፍ ያክላል። እናቱ ይህን መዳፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ ከባሂራ እጅ ጋር አታምታታውም።

«እና ጋሽ ባልቻ» ይላል ያረጋል ከወዲያ ማዶ፣ የባሂራን ቃል ሳይሰማ፣ «ስንት ደቂቃ ነው ያሉኝ?»

ባልቻ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። መዳፉ ቀልቷል። አሁን ማቃጠል ጀምሯል።