ወደ ኋላ የመሄድ ሕግ

ስልኩ ሲጮኽ ለሊሳ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው ይንጎራደድ ነበር። አክስቱ እትዬ ደሳለች ከተቀመጡበት ሳይነሱ ክንዱን ያዙት።

"ወንድምህ ሐሙስ ፈተናውን ይጨርሳል። ከዚያ እዚያ ያሉ የጸሎት ቤት ሰዎች ማልደው ሄደው ይነግሩታል። ሕንድ አገር ብቻውን ነው፣ ልጄ።"

"እኔስ ዋርሶ ከማን ጋር ነበርኩ? እናቴን ቀብራችሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ ስልክላት ከረምኩ። ወንድሜን እንደዚያ አላደርገውም። ዛሬ እነግረዋለሁ።"

የወንድማማቾቹ አባት ጋሽ በዳሳ ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላም። ድንኳኑ ፈርሷል፤ የእድሩ ወንበሮች ግን ግቢው ውስጥ ተደራርበው ወሳጅ ይጠብቃሉ። ከታች፣ ከጳውሎስ በኩል፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

ለሊሳ ስልኩን አነሳ።

"አየኸው?" አለ ወንድሙ ጀቤሳ፣ ሰላም እንኳ ሳይል። "ትናንት የወጣውን ክፍል አየኸው አይደል?"

ሰማያዊ ካባ ለብሶ መብረቅ ውስጥ እየገባ ወደ ኋላ፣ ወዳለፈ ጊዜ፣ ስለሚሄደው ጀግና ነበር የሚጠይቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድማማቾቹ በዚህ ተከታታይ ፊልም ይጨቃጨቃሉ።

"አየሁት" አለ ለሊሳ። በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አልተከፈተም። ውሸቱ እንዴት እንደወጣው ራሱም አላወቀ።

"ይቀልዱብናል እኮ! ባለፈው ወደ ኋላ ሄዶ ድልድይ ስላፈረሰ፣ ሲመለስ ከተማው በሙሉ ተለወጠ። እሺ፣ ሕጉ ይሄ ነው አልን። አሁን ደግሞ አባቱን ከእሳት አውጥቶ ሲመለስ ምንም የለም! ሰውየው እንደሞተ ነው። ሕጉን አንድ አያደርጉትም?"

"ምናልባት... ጊዜው እንደ መንገድ ተገንጥሎ ይሆናል። በአንደኛው አባትየው ይኖራል። በሌላኛው ግን..."

"ልጁስ በየትኛው ነው ያለው?"

"የቱ ልጅ?"

"ጀግናው ነዋ! ምን ነካህ አንተ? አውሮፓ ያን ሁሉ ዓመት ድንች ስትልጥ ነው የኖርከው?"

እትዬ ደሳለች መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባትህ ተኝቷል በለው፣ ማለታቸው ነው።

ለሊሳ ፊቱን አዞረ። ያኔ ከዋርሶ ለእናቱ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ጀቤሳ ነበር። ተኝታለች፤ ገበያ ወጥታለች፤ ጸሎት ላይ ናት። የውሸቱን ዓይነት ሁሉ ያኔ ጨርሶታል። ለእሱ የሚሆን አንድም አልተረፈም።

"ጀቤሳ፣ ስማኝ—"

"ቆይ ልጨርስ!" ጀቤሳ ንግግሩን አፈጠነ። "እኔ ግን ምን ይመስለኛል፣ ጀግናው ተመልሶ የቤቱን በር እስኪከፍት ድረስ ምንም ያለቀ ነገር የለም። ካልከፈተ ሰውየው ሞተ አይባልም። ታዲያ ትንሽ ቢዘገይስ? ሐሙስ ቢከፍት ምን ይሆናል?"

"ሐሙስ?"

"ለምሳሌ ነው ያልኩህ።"

ለሊሳ መንጎራደዱን አቆመ። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ጀቤሳ ገና ከመነሻው፣ "መጀመሪያ አባባን አገናኘኝ" ይል ነበር። ዛሬ የአባቱን ስም አልጠራም።

"አንተ ብትሆን ትቆያለህ?" አለው ቀስ ብሎ።



"ሐሙስ አንተ ራስህ ደውልልኝ" አለ ጀቤሳ በቀጠነ ድምፅ። "የጸሎት ቤት ሰው እንዳትልክብኝ።"

"እሺ። እኔው እደውላለሁ።"

እትዬ ደሳለች ተነስተው የሸሚዙን ጫፍ ጎተት አድርገው፣ "አባቱን ጠየቀ?" አሉ በሹክሹክታ።

ለሊሳ ራሱን ነቀነቀ፤ አልጠየቀም።

"ጌታ ይመስገን!" ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። ወዲያ ማዶ የጣሪያ ማራገቢያ ይንቋቋል፤ ከሥሩ የወንድሙ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ሁለቱም አልዘጉትም።